የሳይንስ ዲግሪ የሚጠይቀውን ማን ነገረን?

ርእሰ አንቀጽ

የምረቃው ወር በቀረበ ቁጥር በሬጅስትራር መስኮት ፊት የሚቆመውን ሰልፍ የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን የለም። ከተሰለፉት ውስጥ ልብሳቸውን አሰፍተው፥ ፎቶግራፍ ተነሥተው፥ አገር ቤት ላሉት ወላጆቻቸው «በሐምሌ ኑልኝ» ብለው ከላኩ በኋላ «አንድ ትምህርት ይጎድላል፤ ስምህ ከተመራቂዎች ዝርዝር ውስጥ የለም» የሚባሉ አይታጡም። የጎደለውም ትምህርት ብዙውን ጊዜ ከባዱ ኳንተም ሜካኒክስ ወይም ፊዚካል ኬሚስትሪ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት «ኋላ እወስደዋለሁ» ተብሎ የተተወና የተረሳ አንድ የጋራ ትምህርት ነው፤ ወይም ተማሪው ወድቆበት እንደገና ሳይመዘገብበት የቀረ የላቦራቶሪ ኮርስ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ ዝም ያለው መዝገብ የሚናገረው ጠላው ከተጠመቀ በኋላ ነው።

ይህ በደረሰ ጊዜ ሁለት ፍርድ ወዲያው ይሰጣል። ተማሪው «ማንም አልነገረኝም» ይላል፤ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ «ደንቡን አንብቦ ማወቅ የተማሪው ግዴታ ነው» ይላል። ሁለቱም ከእውነት የራቁ አይደሉም፤ ነገር ግን ሁለቱም ዋናውን ጉዳይ ይስቱታል። ችግሩ ወረቀቱ አለመነበቡ ብቻ አይደለም፤ የተነበበ እንደ ሆነም አይገባም። የኮርስ ስም አለበት፤ የኮርስ ቁጥርና ክሬዲት አለበት፤ በስተቀኝ ዳር «ቅድመ ሁኔታ» የሚል ዓምድ አለበት። «ለምን» የሚል ዓምድ ግን የለበትም። ምክንያቱ ያልተነገረን ግዴታ ተማሪው እንደ ቀረጥ ይቈጥረዋል፤ ቀረጥን ደግሞ የቻለ ሁሉ ይሸሸዋል። እኛ የምንጠይቀው ይህ የጐደለው ዓምድ እንዲሞላ ነው።

ከትንሹ ነገር፥ ክሬዲት ከሚባለው እንጀምር። አንድ ክሬዲት ማለት በአንድ ሴሚስተር ውስጥ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት የክፍል ትምህርት ማለት መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ያልተለመደው ከጀርባው ያለው ሒሳብ ነው። ለአንዱ የክፍል ሰዓት ተማሪው ሁለት ሰዓት ያህል ብቻውን ተቀምጦ ያጠናል ተብሎ ታስቧል። ስለዚህ አንድ ክሬዲት በሳምንት የ3 ሰዓት ሥራ ነው፤ ሴሚስተሩ 16 ሳምንት ከሆነ ደግሞ 48 ሰዓት ይሆናል። በአንድ ሴሚስተር 17 ክሬዲት የተመዘገበ ተማሪ በሳምንት 51 ሰዓት ሊሠራ ፈርሟል ማለት ነው። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የሠራተኛው መደበኛ የሥራ ጊዜ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። እንግዲህ በምዝገባ ቀን «አንድ ኮርስ ልጨምር» የሚል ወንድማችን የሚጨምረው ምን እንደ ሆነ ከፊርማው በፊት አስልቶ ይወቅ።

በኮርስ መግለጫዎቻችን ላይ ከክሬዲቱ ጎን «ኢሲቲኤስ» የሚል ሌላ ቍጥር ይታያል። ከአውሮጳ የመጣ መለኪያ ሲሆን አንዱ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይቈጠራል። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ብዙውን ጊዜ 5 ኢሲቲኤስ ተብሎ የሚጻፈውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በፊተኛው ስሌት 144 ሰዓት ይወጣዋል፥ በኋለኛው ከ125 እስከ 150። ሁለት ቋንቋ ነው እንጂ ሁለት ሸክም አይደለም።

የላቦራቶሪው ቅሬታ ከዚሁ ሒሳብ ጋር የተያያዘ ነው። «ሦስት ሰዓት ቆመን ውለን አንድ ክሬዲት ብቻ!» የሚለውን ያልተናገረ የሳይንስ ተማሪ ያለ አይመስለንም። መልሱ እንዲህ ነው፤ ላቦራቶሪ የቤት ጥናት የለውም ተብሎ ስለሚታሰብ ሦስቱ ሰዓት እዚያው ያልቃል፤ የክፍሉ አንድ ሰዓትና የቤቱ ሁለት ሰዓት ተደምረው እንደሚሆኑት ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ፍትሓዊ ነው። ነገር ግን ሪፖርቱን ማን ይጽፈዋል? ግራፉን ማን ይሥለዋል? የልኬቱን ስሕተት መጠን ማን ያሰላዋል? ይህ ሁሉ ማታ በዶርም የሚሠራ ሲሆን በየትኛውም ክሬዲት ውስጥ አልተቈጠረም። መምህሮቻችን ወይ ሪፖርቱ እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ ተጽፎ እንዲያልቅ ያድርጉልን፥ ወይም የማታውን ሥራ ይቍጠሩልን። ሪፖርት ከሲኒየር ወደ ፍሬሽ እንደ ርስት የሚወርደው ከዚህ የተነሣ ነው የሚሉ አሉ። ምክንያት ይሆን ይሆናል፤ ማመካኛ ግን አይሆንም። በሌላ ሰው ቴርሞሜትር የተነበበን ሙቀት የራስ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ሳይንስን ገና ሳይጀምረው ትቶታል።

አሁን ወደ ዋናው፥ «ቅድመ ሁኔታ» ወደሚለው ዓምድ እንለፍ።

የፊዚክስን ተማሪ እንውሰድ። «ፊዚክስ ልማር መጥቼ ይህ ሁሉ ሒሳብ ምን ያደርግልኛል?» ይላል። ፍጥነት ማለት ቦታ ከጊዜ ጋር የሚለወጥበት መጠን ነው፤ የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ደግሞ የፍጥነትን ለውጥ ከኀይል ጋር ያያይዛል። ለውጥን የሚለካው ሒሳብ ካልኩለስ ነው። ኒውተን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ካልኩለስን ካበጁት ሁለት ሰዎች አንዱ መሆኑ እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ ነገር አይደለም፤ ጥያቄው ሒሳቡን አስፈለገው። ሊኒየር አልጀብራም እንደዚሁ ነው። መምህሩ በጥቍር ሰሌዳው ላይ ማትሪክስ ሲያባዛ የክፍሉ ግማሽ ያንቀላፋል። ሁለት ዓመት ቆይቶ በኳንተም ሜካኒክስ ክፍል ውስጥ የአቶም ሁኔታ በቬክተር፥ የሚለካውም መጠን በኦፕሬተር ሲጻፍ፥ ኦፕሬተሩም ማትሪክስ ሆኖ ሲቀርብ፥ አቶሙ ሊኖረው የሚችለው ኢነርጂ የዚያው ማትሪክስ አይገንቫልዩ ሆኖ ሲገኝ፥ የተንቀላፋበት ሰዓት ዕዳውን ከነወለዱ ይጠይቃል። ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን ያልተማረ ሰው የማክስዌልን እኩልታዎች በቃሉ ሊያጠናቸው ይችላል፤ ከእነርሱ የብርሃንን ሞገድ ማውጣት ግን አይሆንለትም።

የኬሚስትሪ ተማሪ ከሒሳብ ያመለጠ ይመስለዋል። ፊዚካል ኬሚስትሪ ሲደርስ ግን ያገኘዋል። የአንድ ንጥረ ነገር መጠን በምን ፍጥነት እንደሚቀንስ የሚናገረውን ሕግ ወስዶ «ከአንድ ሰዓት በኋላ ስንት ይቀራል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ኢንተግሬሽን ያስፈልገዋል፤ ቴርሞዳይናሚክስ ከመጀመሪያ ገጹ እስከ መጨረሻው በፓርሺያል ዴሪቫቲቭ የተጻፈ ነው። የባዮሎጂ ተማሪ ደግሞ ስታቲስቲክስን እንደ ባዕድ ያየዋል። በአምስት ችግኝ ላይ ማዳበሪያ ጨምሮ፥ ሌላ አምስት ያለ ማዳበሪያ ተክሎ፥ ያደጉበት ልክ ቢለያይ ልዩነቱ ከማዳበሪያው ይሁን ከአጋጣሚ በምን ያውቃል? ስታቲስቲክስ ለዚህ ነው። ይህን አንድ አረፍተ ነገር በመጀመሪያው ቀን የሚናገር መምህር ቢኖር የተማሪው ሐሳብ የሚለወጥ ይመስለናል።

በቅንነት እንናገር ካልን ግን በዚያ ዓምድ ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲህ ጥብቅ ምክንያት የለውም። አንዳንዱ ቅድመ ሁኔታ የተጻፈው ትምህርቱ በፊተኛው ሴሚስተር ስለ ዋለ ብቻ ነው፤ አንዳንዱም በወረቀት ላይ ይኖርና በምዝገባ ቀን ማንም ሳይጠይቀው ያልፋል። የእነዚህ ጥፋት ራሳቸው ብቻ አይደሉም። ተማሪው አንዱን ከንቱ ቅድመ ሁኔታ ዘሎ ምንም ሳይደርስበት ሲቀር፥ እውነተኛውንም ለመዝለል ይደፍራል። የማያስፈልገው ይሰረዝ፤ የሚያስፈልገው ምክንያቱ ይነገር፥ ሲነገርም በእርግጥ ይጠበቅ።

መዝለልና መውደቅ የሚያስከትሉትን የጊዜ ኪሣራ አስቀድሞ የሚያሰላ ጥቂት ነው። ብዙዎቹ የዋና ትምህርት ኮርሶች በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣሉ። በመጀመሪያው ሴሚስተር አንዱን የወደቀ ሰው ኮርሱ ተመልሶ እስኪመጣ ዓመት ይጠብቃል፤ በእርሱ ላይ የተመሠረተው ቀጣዩ ኮርስም አብሮ ይጠብቃል፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም እንደዚሁ። አንድ «ኤፍ» ባለ 3 ክሬዲት መስሎ ይታያል፤ በሰንሰለቱ መነሻ ላይ ከዋለ ግን የአንድ ዓመት ዋጋ አለው። በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ያለ ኮርስ ግን ቢወድቁበትም የሚያስቀረው ራሱን ብቻ ነው። ስለዚህ በጥናት ጊዜ ሁሉንም ኮርስ እኩል የሚያይ ተማሪ ትጉህ ሊሆን ይችላል፤ አስተዋይ ግን አይደለም።

የነጥቡም ሒሳብ ከዚህ አይለይም። በፕላስና በማይነስ የሚሰጡትን ትተን «ኤ» 4፥ «ቢ» 3፥ «ሲ» 2፥ «ዲ» 1፥ «ኤፍ» 0 ብለን እንያዝ። በባለ 4 ክሬዲት ኮርስ «ሲ»፥ በባለ 2 ክሬዲት «ኤ» ያገኘ ተማሪ አማካዩ 2.67 ነው። ፊደሎቹን ብንለዋውጣቸው 3.33 ይሆናል። ከዚህ ይልቅ ግን ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው ሌላ ነገር ነው። በብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ደንብ መሠረት ለመመረቅ ጠቅላላው አማካይ ነጥብ ከ2.00 ማነስ የለበትም፤ የዋናው ትምህርት አማካይም ለብቻው እንዲሁ ይታያል። አንድ ተማሪ 30 ክሬዲት ወስዶ አማካዩ 1.90 ቢሆን፥ በሚቀጥለው ሴሚስተር በ15 ክሬዲት 2.20 ቢያገኝ 2.00 ይደርሳል። 60 ክሬዲት ላይ ሆኖ ያው 1.90 ከሆነ ግን 2.40 ያስፈልገዋል። 120 ክሬዲት ላይ ከሆነ 2.80 ነው። ጉድለቱ በቍጥር አንድ ዓይነት ነው፤ የሚከፈለው ግን በዘገየ ቍጥር ይከብዳል። «በመጨረሻው ዓመት አስተካክለዋለሁ» የሚሉ ጓደኞቻችን እርሳስ አንሥተው ይህን ስሌት በራሳቸው ነጥብ ይሥሩት። ጠቅላላው አማካይ በጋራ ትምህርቶች ታግዞ 2.30 ሆኖ የዋናው ትምህርት አማካይ ከ2.00 በታች የወደቀበትም ተማሪ ይኖራል፤ እርሱም ጤነኛ መስሎ የታመመ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ እስከ ዛሬ ከማን ስንማር ኖርን? ከታላቅ ወንድምና ከዶርም ጓደኛ። ምክራቸውን አናቃልልም፤ በዚህ ግቢ ውስጥ ያለ እነርሱ የምግብ ቤቱን በር እንኳ ባላገኘን ነበር። ነገር ግን የዲግሪው ሕግ በእነርሱና በእኛ ዘመን አንድ አይደለም። በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዘመን የታወቀው የፍሬሽማን ዓመት፥ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ 11ኛና 12ኛ ክፍል የመሰናዶ ትምህርት ሲሆኑ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ብዙው የመጀመሪያ ዲግሪ ሦስት ዓመት ሆነ። በ2005 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ኮርሶች በሞጁል ተቧድነው ይሰጡ ጀመር። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማኑ ዓመት ተመለሰና የሳይንሱ ዲግሪ አራት ዓመት ሆነ። ስለዚህ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው ወንድምህ «ይህን አያስፈልግህም» ቢልህ የሚነግርህ የራሱን እውነት ነው። የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ነጥብ አይታሰብበትም ተብሎ ቸል ሲባል እናያለን፤ ነጥብ ባይታሰብበትም ሳያልፉት መመረቅ ግን አይቻልም።

ስለ ፍሬሽማኑ ዓመት ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። የሳይንስ ተማሪዎች ታሪክ፥ ሎጂክ፥ አንትሮፖሎጂና የመሳሰሉትን በመማራቸው ያጕረመርማሉ። እኛ በሎጂክ ላይ የሚሰነዘረውን ማጕረምረም ፈጽሞ አንቀበልም፤ ማስረጃና መደምደሚያ እንዴት እንደሚያያዙ መማር ለሳይንስ ተማሪ ካላስፈለገ ለማን ሊያስፈልግ ነው? በሌሎቹ ላይ ሐሳባችን የተከፋፈለ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ይህ ሁሉ ተጨናንቆ ሲሰጥ ተማሪው ከሁሉም ጥቂት ቀምሶ ከአንዱም ሳይጠግብ ያልፋል የሚሉ ባልደረቦች በመካከላችን አሉ። ክርክሩ ጥሩ ነው፤ መምህሮቻችንም ቢገቡበት ደስ ይለናል።

መከራከር ለዚህች አገር ተማሪ አዲስ ነገር አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ሰርቪስ ተጀምሮ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት፥ በብዛትም በክፍላተ ሀገር ትምህርት ቤቶች በማስተማር፥ እንዲያገለግል ግዴታ በሆነ ጊዜ፥ ግዴታው ለምን እንደ ተጣለ ያልጠየቀና ያልተከራከረ ተማሪ አልነበረም ለማለት ይቻላል። የተስማማውም ያልተስማማውም ምን እንደ ተጠየቀ ያውቅ ነበር። እኛ ግን በአራት ዓመት ውስጥ አርባ ያህል ኮርስ ተጠይቀን ስለ አንዱም እንኳ ሳንጠይቅ እንፈርማለን።

ይህ ዝምታ ከሁሉ የሚጎዳው ትምህርት ክፍል በሚመረጥበት ጊዜ ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም። ፍሬሽማኑ ስለ ሕክምናና ስለ ኢንጂነሪንግ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ አድጓል፤ ስለ ጂኦሎጂ፥ ስለ ስታቲስቲክስ፥ ስለ ፊዚክስ የሚያውቀው ስማቸውን ነው። ስለዚህ ቅጹ ላይ እነዚህን በመጨረሻው መስመር ይጽፋቸዋል፤ ነጥቡ ሳይበቃለት ሲቀር እዚያው ይመደባል፤ «ተጣልኩ» ይላል። የተጣለበት ትምህርት ክፍል ምን እንደሚጠይቀው የሚያውቀው ከገባ በኋላ ነው። ከምርጫው በፊት የእያንዳንዱ ትምህርት ክፍል የአራት ዓመት ኮርሶች ከነሰንሰለታቸው በአንድ ገጽ ተሥለው ቢሰጡት፥ ቢያንስ ጥቂቱ ፊዚክስን በአንደኛው መስመር ይጽፈው ነበር ብለን እናምናለን። ሌላውም ቢሆን ወዴት እንደሚሄድ እያወቀ ይሄዳል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ጠንክሯል። በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር በመላ አገሪቱ የተጀመረው የመውጫ ፈተና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪን ሁሉ ይመለከታል፤ ከመቶ 50 ያላገኘ ዲግሪው አይሰጠውም። ፈተናው ከየትምህርት ክፍሉ ዋና ዋና ኮርሶች በአንድነት የሚወጣ ነው። በፊት ኮርሱን በፈተና ማግሥት ረስቶ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ዛሬ ግን የሁለተኛው ዓመት ሜካኒክስ በአራተኛው ዓመት መጨረሻ ተመልሶ ይጠይቃል። በፈተናው ጠቃሚነት ላይ የተለያየ አስተያየት አለን። በአንድ ነገር ግን አንለያይም፤ ኮርሶቹ እንዴት እንደሚያያዙ ሳያሳዩ አራት ዓመት አስተምሮ በመጨረሻ በአንድ ቀን ተያይዘው እንዲገኙ መጠየቅ ሚዛን የጐደለው ነው።

ከዩኒቨርሲቲያችን አስተዳደር የምንለምነው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። የእያንዳንዱ የሳይንስ ትምህርት ክፍል የኮርስ ሰንሰለት በአንድ ገጽ፥ ግልጽ በሆነ ቋንቋ፥ ለየኮርሱ አንድ መስመር ምክንያት ተጨምሮበት ይታተም። የጎደለ ኮርስ ያለበት ተማሪ በአራተኛው ዓመት ሳይሆን በየዓመቱ መጨረሻ በጽሑፍ ይነገረው፤ መዝገቡ በኮምፒውተር ከሆነ ወዲህ ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው። አማካሪ ተብለው የተመደቡልን መምህራንም ፊርማቸውን ከማኖራቸው በፊት ዐሥር ደቂቃ ይስጡን። ብዙ ተማሪ እንደሚቈጠርባቸው፥ ጊዜም እንደሚያጥራቸው እናውቃለን፤ ቢሆንም የአማካሪ ፊርማ ምክር ሳይኖርበት ቀለም ብቻ ነው።

ለእናንተ ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን የምንለው አጭር ነው። የነጥብ ወረቀታችሁን ቅጂ በየሴሚስተሩ አውጥታችሁ በእጃችሁ አኑሩ። ከኮርሱ ዝርዝር ጋር አስተያዩት። ያልገባችሁን ቅድመ ሁኔታ መምህሩን በክፍል ውስጥ፥ ሁሉም በሚሰማበት፥ በአክብሮት ጠይቁ።

ማኅበራችንም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከሚመጣው ቍጥር ጀምሮ በዚህ ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ ላይ የአንድ ትምህርት ክፍል የኮርስ ሰንሰለት በሥዕል ይወጣል፤ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ይቀድማሉ፥ ባዮሎጂ፥ ሒሳብ፥ ስታቲስቲክስና ጂኦሎጂ በየተራ ይከተላሉ። ረቂቆቹን የሚያዘጋጁት የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። መምህሮቻችን ከመታተማቸው በፊት አይተው እንዲያርሙልን፥ ስለሚያስተምሩትም ኮርስ «ይህ ከእገሌ ኮርስ በኋላ የሚሰጠው ስለዚህ ነው» የሚለውን አንድ መስመር ጽፈው በማኅበሩ ሣጥን እንዲያኖሩልን በትሕትና እንጠይቃለን። ስቴንስሉ የሚቈረጠው ከምዝገባው ሳምንት ዐሥር ቀን ቀደም ብሎ ስለ ሆነ እስከዚያ ድረስ እንጠብቃለን።